የጊታር አምፕሊፋየር ዕድሜ፤ ከመለያ ቁጥሩ ጀርባ

በአንድ የመዲናችን ቴአትር ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ፣ ከተጣጠፉ መጋረጃዎችና መደገፊያቸው ከተገነጠለ ወንበሮች ሥር፣ ጥቁር ልባስ የለበሰ አንድ የጊታር አምፕሊፋየር ለብዙ ዓመታት ተቀምጦ ኖሯል። በንብረት ካርዱ ላይ የሰፈረው «ድምፅ ማጉያ፣ አሮጌ፣ 1» የሚል ቃል ብቻ ሲሆን፣ የገባበት ዘመንም 1972 ዓ.ም. ተብሎ ተመዝግቧል። እንዲወገዱ ከተዘረዘሩት ዕቃዎች መካከል በመሆኑ፣ ባለፈው ዓመት አንድ የጊታር ተጫዋች፣ አንድ የራዲዮና የቴሌቪዥን ጠጋኝና እኔ ሦስት ሆነን ልናየው ሄድን። የሚወገደው ነገር ተራ ቁርጥራጭ ነውን? ወይስ የከተማችን ዘመናዊ ሙዚቃ ሲያብብ በሥፍራው የነበረ ዕቃ ነው? ይህን ለመወሰን የተሠራበትን ዘመን ማወቅ ግድ ሆነ።

ጠጋኙ በመጀመሪያ የፈለገው መለያ ቁጥሩን ነበር። የመኪና ማንነት ከሞተርና ከሻንሲ ቁጥሩ እንደሚታወቅ ሁሉ የአምፕሊፋየርም እንዲሁ መስሎታል። ቁጥሩ በእርግጥ ከበስተኋላ፣ በሻንሲው ብረት ላይ ታትሟል፤ ዳሩ ግን የንብረት ክፍል ሠራተኛ የራሱን ቁጥር በነጭ የዘይት ቀለም ጽፎ ደፍኖበታል። አዝነን ተውነው። ለጊዜው የደረሰብን ጉዳት ግን እንዳሰብነው ከባድ አልነበረም፤ የፌንደር አምፕሊፋየር መለያ ቁጥር ለብቻው ሲነበብ የሚናገረው ነገር ጥቂት ነውና።

ምክንያቱን ለመረዳት ወደ ፋብሪካው መሄድ ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያልተባለባቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።) ሊዮ ፌንደር በካሊፎርኒያ፣ በፉለርተን ከተማ ከ1938 ጀምሮ የራዲዮ መጠገኛ ሱቅ የነበረው ሰው ነው። በ1946 በስሙ የኤሌክትሪክ የሙዚቃ መሣሪያ ኩባንያ አቋቋመ። ፋብሪካው ለምርቶቹ ቁጥር ይሰጥ የነበረው ዕቃን ከዕቃ ለመለየት እንጂ የኋላ ታሪክ ጸሐፊን ለመርዳት አልነበረም። በ1950ዎቹ እያንዳንዱ የአምፕሊፋየር ዓይነት የራሱ የቁጥር ተራ ነበረው፤ በ1960ዎቹ ደግሞ ሻንሲያቸው የተመሳሰለ ዓይነቶች አንዱን ተራ ይጋሩ ጀመር። ስለዚህ አንድ ሺህኛው «ቻምፕ» እና አንድ ሺህኛው «ባስማን» በአንድ ዘመን ተሠርተዋል ማለት አይቻልም። በዚህም ላይ ቁጥር የታተመባቸው ሻንሲዎች እንደ ተራቸው አልተገጣጠሙም፤ ሠራተኛው ከክምሩ የቀረበውን ያነሣ ነበር። ቁጥርን ከቀን ጋር አያይዞ የሚያሳይ የተሟላ መዝገብም ለተመራማሪዎች አልደረሰም።

ይህን ጉድለት ለመሙላት ግሬግ ጋግሊያኖ የተባለው አሜሪካዊ አጥኚና ባልደረቦቹ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ብዙ ደክመዋል። ዛሬም በሰዎች እጅ ከሚገኙ አምፕሊፋየሮች መለያ ቁጥሮችን በብዛት ሰብስበው፣ እያንዳንዱን ቁጥር በዕቃው ውስጥ ከተገኙት የክፍሎች ማኅተሞች ጋር እያስተያዩ ሠንጠረዥ አወጡ። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ነጥብ አለ። ዛሬ «በመለያ ቁጥር ዘመንን መለየት» የሚባለው ዕውቀት ራሱ የተገነባው ከመለያ ቁጥሩ ሳይሆን በክፍሎቹ ላይ ከቀሩት ትንንሽ ምልክቶች ነው። ምልክቶቹን ያተሙት ደግሞ በተለያዩ ከተሞች የሚሠሩ፣ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ሠራተኞች ናቸው።

ከምልክቶቹ ሁሉ ግልጹ በሳጥኑ ውስጥ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል። ወረቀቱ የዕቃውን ዓይነትና የእያንዳንዱን ቫልቭ ሥፍራ ያመለክታል። በላዩ ላይ ሁለት ፊደላት በማኅተም ተመትተዋል፤ የመጀመሪያው ዓመቱን፣ ሁለተኛው ወሩን ይነግራል። «ኤ» 1951 ነው፤ «ቢ» 1952፤ እንዲህ እያለ እስከ «ኪው»፣ እስከ 1967 ይደርሳል። ወሩም «ኤ» ሲሆን ጃንዋሪ፣ «ኤል» ሲሆን ዲሴምበር ነው። ስለዚህ «ኤን–ኤፍ» የሚል ማኅተም ያለበት አምፕሊፋየር የጁን 1964 ሥራ ነው። ይሁንና ወረቀት ይቀደዳል፣ ይረጥባል፣ አይጥም ይበላዋል።

ያን ጊዜ ወደ ብረቱ እንመለሳለን። የአሜሪካ የኤሌክትሮኒክስ አምራቾች ማኅበር ለየፋብሪካው ሦስት አኃዝ ያለው መለያ ሰጥቶ ነበር። 137 በኢንዲያና የሚገኘው ሲ.ቲ.ኤስ. ነው፤ 304 ስታክፖል፤ 606 ትራንስፎርመር ሠሪው ሹማከር፤ 220 እና 465 ደግሞ ስፒከር ሠሪዎቹ ጄንሰን እና ኦክስፎርድ ናቸው። ከመለያው ቀጥሎ ዓመቱና ሳምንቱ ይከተላል። በድምፅ ማስተካከያው ማዞሪያ ጀርባ «1376427» ተብሎ ቢገኝ፣ ሲ.ቲ.ኤስ. በ1964 በ27ኛው ሳምንት ሠርቶታል ማለት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 1956 ዓ.ም. ሊያልቅ ሲል።

በቀደሙት ስፒከሮች ላይ ግን አንድ ችግር አለ፤ ዓመቱ በአንድ አኃዝ ብቻ ይጻፍ ነበር። «220445» የጄንሰን ነው፤ 45ኛው ሳምንት ነው፤ ዓመቱ በ4 ያልቃል። 1944 ነው? 1954 ነው? ወይስ 1964? የብራና መጻሕፍቶቻችንን የሚያጠኑ ሊቃውንት ይህን ጭንቀት አሳምረው ያውቁታል። ጸሐፊው መጽሐፉን በዘመነ ሉቃስ መፈጸሙን ብቻ ነግሮን ቢያልፍ፣ ሉቃስ በየአራት ዓመቱ ይመለሳልና የንጉሡ ወይም የጳጳሱ ስም እስካልተጨመረ ድረስ ዘመኑ አይቆረጥም፤ አጥኚው ወደ ፊደሉ አጣጣልና ወደ ሐረጉ ይመለከታል። በአምፕሊፋየሩም ዘንድ እንዲሁ ነው። ሳጥኑ ቢጫማ ሸራ የለበሰ ከሆነ የ1950ዎቹ መሆኑ ይታወቃልና «4» የሚለው አኃዝ 1954 ይሆናል።

በዕቃው ፊት ላይ ያለው ጽሑፍም ምስክር ነው። በጃንዋሪ 1965 ሲ.ቢ.ኤስ. የተባለው የራዲዮና የቴሌቪዥን ኩባንያ የፌንደርን ድርጅት በ13 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በዚያው ዓመት በፊት ሰሌዳው ላይ የነበረው «የፌንደር የኤሌክትሪክ መሣሪያ ኩባንያ» የሚል ስም «የፌንደር የሙዚቃ መሣሪያዎች» በሚል ተተካ። የዛሬ ነጋዴዎች ይህን ቀን እንደ ወንዝ ዳር ይቆጥሩታል፤ ከወዲያ ማዶ ያለው ውድ ነው፣ ከወዲህ ያለው ርካሽ። የፊት ሰሌዳ እየለወጡ ዕድሜ የሚጨምሩ አታላዮችም አልታጡም። እኔ በበኩሌ ይህን ወሰን ከልክ ያለፈ ግምት የተሰጠው ሆኖ አገኘዋለሁ። በዚያ ጃንዋሪ የተለወጠው ባለቤትነት ነው። ጥቁሩ የፊት ሰሌዳ እስከ 1967 ቀጥሏል፤ የሽቦው አሠራርም በብዙ ዓይነቶች ላይ ያው ነበር፤ ከሠራተኞቹም ብዙዎቹ በየወንበራቸው ነበሩ። ሽያጩ ለዘመን ቈጣሪው ያመጣበት ጣጣ ሌላ ነው፤ አዲሱ ባለቤት በ1966 ማዞሪያዎችን በጅምላ በመግዛቱ የዚያ ዓመት ማኅተም ያለባቸው ማዞሪያዎች እስከ 1969 በተሠሩ የፌንደር ዕቃዎች ውስጥ ሁሉ ይገኛሉ። ማኅተም የሚናገረው ክፍሉ የተሠራበትን ጊዜ ነው፤ ዕቃው ከዚያ ሊቀድም አይችልም፣ ሊዘገይ ግን ይችላል።

ስለ ሠራተኞቹ ካነሣን ዘንድ አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍም። በ1950ዎቹ ከተሠሩት የፌንደር አምፕሊፋየሮች በብዙዎቹ ሻንሲ ውስጥ ቁራጭ የወረቀት ፕላስተር ተለጥፎ ይገኛል፤ በላዩም የሴት ስም በእጅ ተጽፏል። ሽቦውን የበየዱት ሴቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹም የሜክሲኮ ተወላጆች። ስሙ የሚጻፈው ለሥራ ቁጥጥር ነበር፤ ብልሽት ቢገኝ የማን እጅ እንደ ሆነ ይታወቅ ዘንድ። የኩባንያው የቁጥር ተራ ግራ ሲያጋባ የእነዚያ ሴቶች የእጅ ጽሑፍ ግን ዛሬም በግልጽ ይነበባል።

ሁሉም አምራች እንዲህ አስቸጋሪ አልነበረም። በለንደን ሐንዌል ሠፈር ከሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ የተነሣው ጂም ማርሻል በ1962 የመጀመሪያውን አምፕሊፋየር ሲያወጣ የተነሣው ከፌንደር «ባስማን» ንድፍ ነበር። በዘመን ምልክት ግን ከመምህሩ ተሽሎ ተገኘ፤ ከጁላይ 1969 ጀምሮ ዓመቱን የሚያመለክት ፊደል በመለያ ቁጥሩ ላይ ጨመረ። «ኤ» 1969ን እና 1970ን፣ «ሲ» 1971ን፣ «ዲ» 1972ን ያመለክታል። «ቢ» የተዘለለው ለባስ መለያ ሆኖ ስለ ተያዘ ነው።

ወደ ግምጃ ቤቱ እንመለስ። ጠጋኙ ሻንሲውን ከማውጣቱ በፊት ካፓሲተሮቹን ባዶ አደረገ፤ ይህን ሥራ የማያውቅ ሰው እንዳይሞክረው አደራ እላለሁ፤ ሶኬቱ ተነቅሎም እንኳ ከ400 ቮልት በላይ አድፍጦ ሊቈይ ይችላል። ዕቃው «ዴሉክስ ሪቨርብ» ነበር፤ አንድ ባለ 12 ኢንች ስፒከር ያለው። ማዞሪያዎቹ «1376622» ይላሉ፤ የ1966 ግንቦት ማብቂያ። ይህ ብቻውን አያስተማምንም፤ ምክንያቱን ከላይ አይተናል። ስፒከሩ «465633» ይላል፤ ኦክስፎርድ፣ 33ኛው ሳምንት፣ ነሐሴ። ወረቀቱ በአንድ ጠርዙ ተበልቷል፤ ማኅተሙ ግን ተርፏል፤ «ፒ–ጄ»። ኦክቶበር 1966፤ በእኛ 1959 ዓ.ም. እንደ ጠባ። የአምኃ እሸቴ የሸክላ ማሳተሚያ በ1969 ሥራ ከመጀመሩ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ማለት ነው። ቀለሙ በጥንቃቄ ተፍቆ መለያ ቁጥሩ ሲነበብም ከእነ ጋግሊያኖ ሠንጠረዥ ጋር ተስማማ።

ይህ የሚነግረን ግን ፉለርተን ላይ የተገጣጠመበትን ቀን እንጂ አዲስ አበባ የገባበትን አይደለም። ካርዱ 1972 ዓ.ም. ይላል፤ ይህም ቈጣሪ ኮሚቴ ዕቃውን ያገኘበት ዓመት ነው። ሻንሲውን መልሰን ልንገጥም ስንል ጊታር ተጫዋቹ የእጅ ባትሪውን ወደ ሳጥኑ ሥር አበራ። 220 ቮልትን ወደ 110 የሚያወርድ፣ የፋብሪካ ምልክት የሌለው፣ በእጅ የተጠመጠመ ትራንስፎርመር እዚያ ታስሯል። ከጎኑ፣ በእንጨቱ ላይ፣ በእርሳስ እንዲህ ተጽፏል፤ «ጥር 12 ቀን 1964 ዓ.ም. ሁለት ቫልቭ ተለወጠ»። ስም የለውም። ዕቃው ከሚወገዱት ዝርዝር ወጥቷል፤ ካርዱ ግን እስከ አሁን 1972 እንዳለ ነው።