የአንጀት ካንሰር ከሰውነት መከላከያ እንዴት ያመልጣል?

የትልቁ አንጀትና የፊንጢጣ ካንሰር በዓለም ላይ በስፋት ከሚታዩ የካንሰር ዓይነቶች ሦስተኛው ነው። እንደ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ግምት፣ እ.አ.አ በ2022 ከ1.9 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በበሽታው የተያዙ ሲሆን፣ ከ900 ሺህ በላይ ሰዎች ደግሞ ሕይወታቸውን አጥተዋል። በሽታው ከሚበረታባቸው ምክንያቶች አንዱ ከሰውነት መከላከያ ማምለጥ መቻሉ ነው።

ቲ ሴል የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት በሰውነት ውስጥ እየተዘዋወሩ ሌሎች ሕዋሳትን ይፈትሻሉ። እያንዳንዱ ሕዋስ በውስጡ ከሚሠራው ፕሮቲን ቁራጭ ወስዶ፣ ኤችኤልኤ በተባለ መያዣ አማካይነት በገጹ ላይ ያሳያል። ቁራጩ ባዕድ ሆኖ ከተገኘ ቲ ሴሉ ሕዋሱን ይገድለዋል። የካንሰር ሕዋስ ከዚህ ፍተሻ የሚያመልጠው በተለያዩ መንገዶች ነው።

አንደኛው መለያን መደበቅ ነው። በለገጣፎና በሰበታ ዙሪያ ስንዴ የሚዘሩ ገበሬዎች እንደሚያውቁት፣ እንክርዳድ እሸት እስኪይዝ ድረስ ስንዴ መስሎ ከአራሚ ዓይን ይሰወራል። ቢ2ኤም የተባለው ዘረመል ሲበላሽም ኤችኤልኤ ወደ ሕዋሱ ገጽ መውጣት ስለሚሳነው፣ ባዕዱ የሚታወቅበት ምልክት ይጠፋል።

ሁለተኛው በር መዝጋት ነው። ኤፒሲ የተባለው ዘረመል ከ10 የአንጀት ካንሰሮች በ8ቱ ገደማ ተበላሽቶ ይገኛል። ይህ ብልሽት ሕዋሱ ያለገደብ እንዲባዛ ከማድረጉም በላይ፣ ቲ ሴሎች ወደ ዕጢው እንዳይገቡ ከሚያግዱ ነገሮች አንዱ እንደሆነ ይታመናል።

ሦስተኛው የቲ ሴልን ፍሬን መያዝ ነው። ፒዲ-ኤል1 የተባለው ፕሮቲን በቲ ሴሉ ላይ ያለውን ፍሬን በመጫን ያስቆመዋል። ይህን መሰል ፍሬን በመልቀቅ ካንሰርን ማከም እንደሚቻል ያሳዩት ጀምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ እ.አ.አ በ2018 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

ፍሬኑን የሚለቅቀው መድኃኒት ግን ለሁሉም አይሠራም። ከ100 የአንጀት ካንሰሮች በ15ቱ ገደማ የዘረመል ስህተትን የሚያርመው ሥርዓት የተበላሸ ነው። በእነዚህ ውስጥ ባዕድ ምልክት ስለሚበዛ ቲ ሴል በቀላሉ ያያቸዋል። እ.አ.አ በ2022 ይፋ በሆነ፣ በኒውዮርክ በተካሄደ ጥናት፣ ይህ ዓይነት የፊንጢጣ ካንሰር የነበረባቸውና ሕክምናውን የጨረሱ 12 ታማሚዎች በሙሉ ያለ ቀዶ ሕክምና ዕጢያቸው ጠፍቷል። በቀሪዎቹ 85ቱ ላይ መድኃኒቱ እምብዛም ውጤት አያሳይም። ስለዚህ ከዕጢው የተወሰደው ናሙና የትኛው ዓይነት እንደሆነ መለየቱ ሕክምናውን ይወስናል። ሊንች ሲንድረም በተባለው ሁኔታ ይህ ብልሽት ከወላጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል።

በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እ.አ.አ በ2011 የተጀመረው የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ፣ የአንጀት ካንሰር በወንዶች ላይ በብዛት ከሚታዩት አንዱ መሆኑን አሳይቷል። በለገጣፎ፣ በቡራዩም ሆነ በሱሉልታ የሚኖር ሰው ሊዘነጋቸው የማይገቡ ምልክቶች በሰገራ ላይ ደም መታየት፣ ለሳምንታት የዘለቀ የሆድ ድርቀት ወይም ተቅማጥ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የክብደት መቀነስና የደም ማነስ ናቸው። እነዚህን ምልክቶች የኪንታሮት ወይም የአሜባ ናቸው ብሎ ማለፍ ጊዜ ያሳጣል። ወላጁ፣ ወንድሙ ወይም እኅቱ በዚህ በሽታ የታመመችበት ሰው ምልክት ባይታይበትም ሐኪም ማማከር ይኖርበታል።

በአንጀት ግድግዳ ላይ የሚበቅል ትንሽ እብጠት ወደ ካንሰር ለመለወጥ ብዙውን ጊዜ 10 ዓመት ገደማ ይወስድበታል። በዚህ ጊዜ ውስጥ በመሣሪያ ከታየ ተቆርጦ ሊወጣ ይችላል። ካንሰሩ መደበቅን ከመልመዱ በፊት መገኘቱ ከሁሉም መድኃኒት ይበልጣል።