ስምና ምርት፤ ከይርጋጨፌ ቡና ታሪክ

አንድ ምርት ስም ካወጣ በኋላ ተከታዩ ምርት ገና ሳይቀመስ ዋጋ ማግኘቱ በገበያ ዘንድ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ስም ለጥራት መጠበቂያም፣ ለጥራት መጉደል መሸፈኛም ሊሆን ይችላል። ከሁለቱ አንዱን የሚያመጣው ምን እንደሆነ ከጌዴኦ ቡና ታሪክ መረዳት ይቻላል። (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከዲላ በስተደቡብ ባለው ደጋማ አገር የጌዴኦ ገበሬ ቡናን ከእንሰትና ከጥላ ዛፎች ጋር አሰባጥሮ ሲያለማ ኖሯል፤ ይህም ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ነገር ግን ኩሩሜ፣ ደጋና ወሊሾ የተባሉት የአካባቢው ዝርያዎች ስሙን ብቻቸውን አላስገኙም። በ1970ዎቹ የማጠቢያ ጣቢያዎች ከተቋቋሙ ወዲህ፣ ቀደም ሲል ጀንፈል ሆኖ ይሸጥ ከነበረው ቡና ከፊሉ በእሸትነቱ ተፈልፍሎ፣ በገንዳ ተብላልቶ፣ ታጥቦና በአልጋ ላይ ደርቆ መውጣት ጀመረ። አበባና ሎሚ የሚመስለው ቃናው በውጭ ቀማሾች ዘንድ የታወቀው በዚህ ሥራ ነው። ስለዚህም ስሙን ያወጡት አፈሩም እጁም ናቸው።

የስሙ ዋጋ ጎልቶ የታየው ኢትዮጵያ በ2005 ይርጋጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ባመለከተች ጊዜ ነው። ከክርክር በኋላ ስታርባክስ በ2007 ከመንግሥት ጋር ተስማምቶ የስሞቹን ባለቤትነት ተቀበለ።

ስሙ ሲጠበቅ ግን ሠሪው ከስሙ ጀርባ ተሰወረ። በ2008 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከልዩ ልዩ ጣቢያ የመጣን ቡና በአካባቢና በደረጃ መድቦ በአንድነት ያገበያይ ጀመር። ሥርዓቱ ለሻጩ የክፍያ ዋስትና ቢሰጥም፣ ገዢው አምና የወደደውን ቡና ያዘጋጀውን ጣቢያ ዘንድሮ ለይቶ ማግኘት ተሳነው። በ2002 የተቋቋመው የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ግን በቀጥታ ይልክ ስለነበር የቡናውን ምንጭ ማሳየት ይችል ነበር።

በሌላ ሙያ የተፈጸመ አንድ ጉዳይ ነገሩን ያብራራል። በጃፓን «ዋን ፓንች ማን» የተባለውን ተከታታይ የካርቱን ፊልም በ2015 ማድሃውስ የተሰኘው ስቱዲዮ ሠርቶ ከፍተኛ ዝና አተረፈ። ሁለተኛው ክፍል በ2019 በጄ. ሲ. ስታፍ ተሠርቶ ሲወጣ፣ በስሙ ተስበው የመጡ ብዙ ተመልካቾች የእንቅስቃሴው ሥዕል ከመጀመሪያው አንሷል ብለው ነቀፉት። ርእሱ አልተለወጠም፤ እጁ ግን ተለውጧል። የፊልሙ ተመልካች ግን የሠሪውን ስም አንብቦ መለየት ይችል ነበር፤ የቡናው ገዢ ይህ ዕድል አልነበረውም።

በ2017 የወጣው የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ የቡናው ምንጭ እንዲታወቅ መንገድ ከፈተ። ከዚያ ወዲህ ጣቢያዎች በየራሳቸው ስም መጠራት ጀምረዋል። የአገሩ ስም ገዢውን ከደጃፍ ያደርሳል፤ በየዓመቱ ተመልሶ እንዲመጣ የሚያደርገው ግን የቀላውን ብቻ የለቀመው ገበሬና በወቅቱ ያጠበው ጣቢያ ያስመዘገቡት ሥራ ነው። ሠሪው ካልታወቀ የጥንቃቄው ዋጋ ለራሱ አይደርሰውም፤ ዋጋ የማያስገኝ ጥንቃቄ ደግሞ ብዙ ዓመት አይዘልቅም።