የስምንት ሳምንት ሙከራ፣ የዓመታት ክኒን

የድባቴ መድኃኒት ታሪክ የተጀመረው የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን በሚታከሙበት ክፍል ነው። በ1952 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኒው ዮርክ በሚገኘው ሲ ቪው ሆስፒታል አይፕሮኒያዚድ የተሰጣቸው ሕሙማን ሳንባቸው ገና ሳይሽር ፊታቸው ፈካ፣ የምግብ ፍላጎታቸው ተከፈተ። በ1957 ናታን ክላይንና ባልደረቦቹ መድኃኒቱን ለድባቴ ሞክረው ተስፋ አገኙበት። ጉበት እንደሚጎዳ ሲታወቅ ግን በ1961 ከአሜሪካ ገበያ ወጣ።

በስዊዘርላንዱ የሙንስተርሊንገን ሆስፒታል ሮላንድ ኩን የሞከረው ኢሚፕራሚን ደግሞ የታሰበው ለስኪዞፍሬንያ ነበር። ለዚያ አልሆነም። ኩን በ1956 ለድባቴ ሕሙማን ሰጣቸውና ልብ ብሎ ያያቸው ጀመር፦ ቀስቃሽ ሳይፈልጉ ከአልጋ ይነሣሉ፣ ድምፃቸው ከፍ ይላል፣ ከሰው ጋር ወሬ ይጀምራሉ። መለኪያ ቅጽ የለ፣ ባዶ ክኒን የሚውጥ ማነጻጸሪያ ቡድን የለ። ዛሬ እንዲህ ያለውን ጥናት የሚቀበል የለም፤ የኩን ዓይን ግን አልተሳሳተም።

ተከትሎ የመጣው አሚትሪፕቲሊን እስካሁን በእኛም አገር ይታዘዛል። ከመጠን በላይ ከተዋጠ ልብን ስለሚያውክ፣ ሞትን ለሚመኝ ሰው ብዙ ክኒን አሲዞ መላክ ያስፈራል። በ1987 መጨረሻ አሜሪካ የፈቀደችው ፍሉኦክሰቲን (ፕሮዛክ) በዚህ በኩል እፎይታ ሆነ። እሱም ጣጣ አላጣውም፤ የወሲብ ፍላጎትን ያቀዘቅዛል። በ2004 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣ በሕፃናትና በአፍላ ወጣቶች ላይ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊያነሣሡ ይችላሉ የሚል ማስጠንቀቂያ በፀረ ድባቴ መድኃኒቶች ላይ እንዲጻፍ አዘዘ።

ይሠራሉ ወይ? በ2008 ኤሪክ ተርነርና ባልደረቦቹ ለባለሥልጣኑ የቀረቡ 74 ጥናቶችን ፈተሹ። ውጤታቸው ካማረው 38 ያልታተመው አንድ ብቻ ነበር፤ ካላማሩት 36 ግን 22ቱ ጭራሽ አልታተሙም። ነውር ነው። ሆኖም በ2018 አንድሪያ ቺፕሪያኒ የመሩት ጥናት ያልታተሙትንም ጨምሮ 522 ሙከራዎችን ሲመረምር 21ዱም መድኃኒቶች ባዶውን ክኒን በለጡ፤ ብልጫው በአማካይ መጠነኛ ነው። ችግሩ አብዛኞቹ ሙከራዎች ስምንት ሳምንት ገደማ ብቻ የቆዩ መሆናቸው ነው። ክኒኑን ለዓመታት የሚውጠው ሰው ግን ስንት ነው!

ለዚህ ነው በ2021 የታተመው የእንግሊዝ ጥናት ከሌሎቹ ይልቅ የሚመዝንብኝ። ተሳታፊዎቹ ክኒኑን ለረጅም ጊዜ የወሰዱና ለማቆም የሚያስቡ፣ ደህና ነን የሚሉ 478 ሰዎች ናቸው። ግማሾቹ ቀጠሉ፤ ግማሾቹ የትኛው እንደደረሳቸው ሳያውቁ ቀስ በቀስ ወደ ባዶ ክኒን ተዛወሩ። በ52 ሳምንት ውስጥ ካቆሙት 56 በመቶው፣ ከቀጠሉት 39 በመቶው ሕመሙ አገረሸባቸው። መድኃኒቱ ይከላከላል ማለት ነው፤ ግን እየዋጡም የወደቁ አሉ፣ አቁመውም ደህና የሰነበቱ ብዙ ናቸው። ነገሩን የሚያወሳስበው፣ ማቋረጥ ራሱ የሚያመጣው ማዞር፣ እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት ከማገርሸት ጋር መምታታቱ ነው።

ለዓመታት የወሰዳችሁ አንባቢዎች፣ ክኒኑን በራሳችሁ አታቋርጡ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ግን ሐኪማችሁን «እስከ መቼ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ለማቆም ከተስማማችሁም መጠኑ ቀስ እየተባለ፣ በሐኪም ክትትል ይቀነስ።