«ኮታ» ወይስ «ገደብ»? የጋራ ኮምፒዩተር የዲስክ ቦታ አመዳደብ ታሪክና የስያሜው ጥያቄ

የባዕድ ቃል ለመተርጎም የሚነሣ ሰው ከቃሉ በፊት ነገሩን መመርመር እንደሚገባው የታወቀ ነው። ቃሉ አንድ ሆኖ ነገሩ ሁለት በሚሆንበት ጊዜ ግን ችግሩ ይበረታል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው እንዲህ ያለውን ቃል ነው፤ ይኸውም ብዙ ሰዎች በጋራ በሚገለገሉበት ኮምፒዩተር ላይ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የሚፈቀደውን የዲስክ ቦታ ለማመልከት በእንግሊዝኛ የሚነገረው «ኮታ» ነው። መነሻው ላቲን ሲሆን፣ «ስንተኛው እጅ» እንደ ማለት ነው።

«ኮታ» ለአማርኛ እንግዳ አይደለም፤ ነገር ግን በቋንቋችን ሁለት ተቃራኒ ፍቺዎች ይዟል። በደርግ ዘመን ገበሬው «ኮታ» ሲል ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በተወሰነ ዋጋ እንዲያስረክብ የተጣለበትን የእህል መጠን ማለቱ ነበር። የከተማው ነዋሪ ግን በቀበሌው የሸማቾች ሱቅ እንዲገዛ የተፈቀደለትን ስኳር ማለቱ ነው። በአንዱ አፍ «ከዚህ ያላነሰ አምጣ»፣ በሌላው «ከዚህ ያልበለጠ ውሰድ» ሆነ። የገበሬው ግዴታ በ1982 ዓ.ም. ቢቀርም አነጋገሩ አልጠፋም፤ ዛሬም «ኮታውን ሞላ» ስንል የሚጠበቅበትን ፈጸመ ማለታችን ነው። እንግዲህ ኮምፒዩተሩ «ኮታዎ ሞልቷል» ቢል ተጠቃሚው ምን ይረዳ? ሊነገረው የተፈለገው የጻፈው ከእንግዲህ በዲስኩ ላይ እንደማይቀመጥለት ነው፤ እርሱ ግን ሥራው መልካም እንደ ሄደ ተረድቶ ማሽኑን ትቶ ቢነሣና ጽሑፉ ቢጠፋበት ስሕተቱ የተርጓሚው ነው።

ስለዚህ ወደ ነገሩ ታሪክ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1961 ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም አንድን ኮምፒዩተር ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚሠሩበትን ሥርዓት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያሳዩ፣ እያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱ የቴፕ ማጫወቻ ነበረው። በራሱ ቴፕ ላይ ለሚጽፍ ሰው ወሰን ማበጀት አያስፈልግም። ቆይቶ ቴፑ በጋራ ዲስክ ሲተካ ግን የአንዱ መስፋፋት የሌላው መጣበብ ሆነ፤ አስተዳዳሪዎቹም የማሽኑን ጊዜና የዲስኩን ቦታ ለተጠቃሚዎች መመደብ ጀመሩ።

እ.ኤ.አ. በ1965 ሥራው የተጀመረው መልቲክስ ነገሩን ይበልጥ አጠራው። በመልቲክስ ኮታ የሚሰጠው ለማኅደር ነበር፤ አንድ ማኅደር በሥሩ ላለው ሌላ ማኅደር ቦታ ሲያካፍል፣ ያካፈለው ከራሱ ይቀነሳል። ይህ አባት ለልጁ መሬት ቆርሶ እንደሚሰጠው ነው፤ ለልጁ የደረሰው ከአባቱ ይጎድላል። የአማርኛው «ድርሻ» ለዚህ የተሠራ ያህል ይስማማዋል።

ከመልቲክስ ልምድ የተወለደው ዩኒክስ እ.ኤ.አ. በ1969 ሲጀመር ግን እንዲህ ያለ ሥርዓት አልነበረውም፤ አንድ ተጠቃሚ ባዶውን ቦታ ሁሉ ሊወስድ ይችል ነበር። ጉድለቱ የተሟላው እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣው የበርክሌይ ዩኒክስ 4.2 ነው። የዲስክ ኮታውን የሠራው የአውስትራሊያው የሜልበርን ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ ሮበርት ኤልዝ ነበር። በዚህ ሥርዓት ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ሁለት ወሰን ይቆምለታል። የመጀመሪያውን ሲያልፍ ይነገረዋል እንጂ አይከለከልም፤ ሁለተኛውን ግን በምንም መንገድ አያልፍም። የመጀመሪያውን አልፎ ወደ ማሽኑ በገባ ቁጥር ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል፤ ፋይሎቹን ሳይቀንስ የማስጠንቀቂያው ቁጥር ካለቀ አንደኛው ወሰን እንደ ሁለተኛው ይጠናል። ኋላ በወጡት ዝርያዎች የማስጠንቀቂያው ቁጥር በጊዜ ተተክቷል፤ ልማዳዊው መጠን ሰባት ቀን ነው። ወሰኑ በቦታው መጠን ብቻ ሳይሆን በፋይሎቹ ቁጥርም ላይ ይጣላል።

ልዩነቱን ልብ እንበል። በዩኒክስ የአንዱ ተጠቃሚ ወሰን ከሌላው አይቀነስም፤ የሁሉም ተደምሮ ከዲስኩ ስፋት ቢበልጥም ሥርዓቱ አይከለክልም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ የተፈቀደላቸውን አይጨርሱም ተብሎ ይታሰባልና። ስለዚህ ተጠቃሚው የተሰጠው እስከዚህ ድረስ የመሄድ ፈቃድ እንጂ በስሙ የተቀመጠ ቦታ አይደለም። ወሰኑ ገና ሳይደርስ ዲስኩ ራሱ ሊሞላ ይችላል። ይህን «ድርሻ» ብሎ መተርጎም የሌለ ንብረት ቃል መግባት ነው፤ ትክክለኛው ቃል «ገደብ» ነው።

ሁለቱን ወሰኖች እንግሊዝኛው «ለስላሳ» እና «ጠንካራ» ይላቸዋል። ቃል በቃል ብንወስደው «ለስላሳ» በአማርኛ ተናጋሪ ዘንድ አስቀድሞ የሚያስታውሰው በጠርሙስ የሚሸጠውን መጠጥ ነው። ይልቅስ የሰዋስው ሊቃውንት ስለ ድምፅ ሲናገሩ «ይላላል»፣ «ይጠብቃል» የሚሉት ጥንድ አለልን። «ልል ገደብ» እና «ጥብቅ ገደብ» ብንል ተቃርኖው ግልጽ ይሆናል፤ ልሉ ጊዜው ሲያልፍ መጥበቁንም በአንድ ግሥ እንናገራለን። በመካከሉ ላለው ጊዜም አዲስ ቃል መፍጠር አያሻም፤ ባንኮች ለተበዳሪ የሚሰጡት «የእፎይታ ጊዜ» በቂ ነው።

በጠቅላላው የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፤ ቦታው ከአንዱ ተቀንሶ ለሌላው በሚሰጥበት «ድርሻ»፣ ጣሪያ ብቻ በሚበጅበት «ገደብ» እንበል። «ኮታ» እንዳይነገር አንከለክልም፤ በሕዝቡ አፍ ገብቷልና። ነገር ግን ለተጠቃሚው በሚጻፍ ማስጠንቀቂያ ላይ «ኮታዎ ሞልቷል» ከሚባል «የተፈቀደልዎ ቦታ አልቋል፤ የጻፉት አልተቀመጠም» ቢባል ይሻላል። ሰው ሥራው ከመጥፋቱ በፊት በገዛ ቋንቋው ሊነገረው ይገባልና።