ሰርቪስ ቤት ወይስ የራስ ጎጆ?

እስቲ ስልካችሁን አውጡና ጉግል ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል «ቆቦ» ብላችሁ ጻፉ። ከወልድያ ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የዞብልን ተራራ በስተምሥራቅ እያየች፣ በማሽላ ማሳ ተከባ የተቀመጠችው የራያዋ ቆቦ ብቅ ትላለች ብላችሁ ከጠበቃችሁ ተሸውዳችኋል። የምታገኙት በአመዛኙ እ.ኤ.አ. በ2009 ካናዳ ውስጥ የተቋቋመ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ሻጭ ነው። ስሙን ያገኘው «ቡክ» የሚለውን ቃል ፊደላት አገላብጦ ነው። የናይጄሪያ ሳንቲምም ቆቦ ይባላል። የእርዳታ ድርጅቶች መጠይቅ የሚሞሉበት መሣሪያም ቆቦ ቱልቦክስ ነው። እኛ በስማችን ሰልፍ መጨረሻ ላይ ነን ማለት ነው።

ባለፈው ሰሞን የቆቦ ልጆች ሆነን የአገራችንን ታሪክ ከአዛውንቶች አፍ እየለቀምን የምናስቀምጥበት ገጽ ልንከፍት ተሰበሰብን። ገና ስሙ ላይ ተጣላን። አንዱ «ስም ካለው ድረ ገጽ ሥር ንዑስ አድራሻ ይስጡን፣ ጉግል እነሱን ስለሚያውቅ እኛንም ያውቀናል» አለ። ሌላዋ «የራሳችንን ስም ገዝተን ጎጆ እንውጣ» አለች። በአዲስ አበባኛ ሲተረጎም ጥያቄው ይሄ ነው፦ ባለ ፎቁ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት እንከራይ ወይስ ዳር ወጥተን የራሳችንን እንሥራ?

ጋዜጠኝነት የተማረ ሰው ነገር ሲጠፋው ታሪክ ያገላብጣል። እኔም አገላበጥኩ።

መጀመሪያ የጉግል ታሪክ። እስከ 2007 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ጉግል ከአንድ አድራሻ በአንድ ፍለጋ ከሁለት ውጤት በላይ አያሳይም ነበር። ንዑስ አድራሻን ግን እንደ ሌላ ሰው ይቆጥር ስለነበር ብልጦች አንዱን ድረ ገጽ በብዙ ንዑስ አድራሻ እየሸነሸኑ ገጹን ይሞሉት ነበር። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የጉግሉ ማት ከትስ ይህ አሠራር እየተቀየረ መሆኑን ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ጉግል የሚለው ንዑስ አድራሻም ሆነ በዋናው ሥር ያለ ማውጫ ለፍለጋ ያስኬዳል ነው። አዲስ ስም ግን ከዜሮ ይጀምራል፤ ሌሎች ድረ ገጾች እስኪጠቁሙት ድረስ የሚያውቀው የለም። እስከዚህ ድረስ ጓደኛችን ልክ ነው።

ሁለተኛው የእኛው ታሪክ ነው። ከ1997 ምርጫ በኋላ፣ ግንቦት 1998 ላይ፣ ብሎግስፖት ኢትዮጵያ ውስጥ ተዘጋ። የተዘጋው አንድ ጦማር አልነበረም፤ ግቢው በሙሉ ነበር። ስለ ፖለቲካ የጻፈውም ስለ ወጥ አሠራር የጻፈውም አብረው ጠፉ፤ ሁሉም የአንድ አከራይ ንዑስ አድራሻዎች ነበሩና። በ2004 የተጀመረው ዞን ዘጠኝም ብሎግስፖት ላይ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። ጸሐፊዎቹም ከሚያዝያ 17 ቀን 2006 ጀምሮ ታሰሩ። ሰኔ 2010 ላይ 264 ድረ ገጾች ሲከፈቱ ታዲያ የራሳቸው ስም የነበራቸውም እዚያ ዝርዝር ውስጥ ነበሩ። የራስ ጎጆ ከመዘጋት አያድንም፤ በጎረቤት ጥፋት ከመዘጋት ግን ያድናል።

አከራይ ደግሞ ይከስራል። ጂኦሲቲስ የሚባለው ነፃ ግቢ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲዘጋ የብዙ ሰው ገጽ አብሮ ወረደ። የአሜሪካ ድምፅ አማርኛ ክፍል አድራሻም የዋናው ጣቢያ ንዑስ አድራሻ ነው። መጋቢት 2017 ላይ መንግሥቱ ዋናውን ቤት ሲያናጋው ሰርቪሱም አብሮ ተናጋ።

በሌላ በኩል ሪፖርተር ጋዜጣን እዩ። አማርኛው በአንድ ስም፣ እንግሊዝኛው በሌላ ስም ነው። አንባቢውም ፍለጋውም የተለያየ ስለሆነ ያስኬዳል። ግን ሁለት ቤት ማለት ሁለት ኪራይ፣ ሁለት ጥገና ነው። አማርኛ ዊኪፔዲያ ደግሞ ንዑስ አድራሻ ሆኖ የሚታየው እናቱ ትልቅ ስለሆነች ነው። እናት እስካለች ድረስ ችግር የለም።

ታዲያ ይሄ ሁሉ ለምን ያስጨንቀናል? የእኛን አካባቢ ዓለም ያወቀው ጥቅምት 1977 ቢቢሲ ከኮረም ባስተላለፈው የረሃብ ፊልም ነው። በ2013 ጦርነቱ ቆቦ ሲደርስ ስልክ ተቋርጦ ነበር፤ በዚያ ሰሞን የሆነውን ከሚናገሩት ሰነዶች አንዱ አምነስቲ የካቲት 2014 ያወጣው ሪፖርት ነው። ሰነዱ ይኑር፤ ግን ስለ አያቶቻችን የሚፈልግ ልጅ ረሃብና ጦርነት ብቻ አግኝቶ መመለስ የለበትም። ስለ ማሽላው፣ ስለ ገበያው፣ ስለ ሠርጉ የሚነግረው ማን ነው?

ለማንኛውም እኛ ጎጆ ለመውጣት ወሰንን። ስማችን «ቆቦ» ብቻ ሳይሆን «ራያ ቆቦ» ይሆናል፤ መጽሐፍ ሻጩ ራያ የለውማ! ርዕሱ ሁሉ በግዕዝ ፊደል ይጻፋል፤ «ቆቦ» ብሎ በአማርኛ ለሚፈልግ ሰው ካናዳዊው አይጋፋንም። ባለ ስሙ ድረ ገጽ ደግሞ ሰርቪስ ቤት ከሚሰጠን አንድ ጠቋሚ ሊንክ ይስጠን። የጽሑፉን ቅጂም በየቤታችን እናስቀምጣለን፤ የገዛነው ስም እንኳ በየዓመቱ ካልታደሰ የሌላ ሰው ነውና።

እናንተስ፣ የአገራችሁን ስም ጉግል ላይ ጽፋችሁ ታውቃላችሁ? ማን ቀድሞ መጣ? እስቲ ሞክሩት።

ቸር ይግጠመን።