«አትውለጂ» የተባሉት እናቶች

መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ በአጭሩ ኤም ኤስ፣ የሰውነት መከላከያ በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ያለውን የነርቭ ሽፋን የሚያጠቃበት በሽታ ነው። በሴቶች ላይ ይበዛል፤ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረውም ልጅ በሚወልዱበት ዕድሜ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ ሐኪሞች እነዚህን ሴቶች «አትውለጂ» ይሏቸው ነበር። እርግዝና በሽታውን ያብሳል ተብሎ ታመነ እንጂ ለረጅም ጊዜ በወጉ አልተመረመረም።

በ1998 እ.ኤ.አ. የሊዮኑ ሐኪም ክርስቲያን ኮንፋቭሩና ባልደረቦቻቸው በ12 የአውሮፓ አገሮች የተከታተሏቸውን የ254 ሴቶች ውጤት አሳተሙ። ከእርግዝና በፊት በዓመት በአማካይ 0.7 ጊዜ ያገረሽ የነበረው በሽታ በመጨረሻዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራት ወደ 0.2 ወረደ፤ ከወሊድ በኋላ ባሉት ሦስት ወራት ደግሞ ወደ 1.2 ወጣ። የሚያሰጋው እርግዝናው ሳይሆን አራስነቱ ኖሯል። ስንት ሴት በባዶ ግምት ልጅ ተከለከለች!

በእርግዝና መድኃኒት መውሰድ ግን ሌላ ጣጣ ነበረው። በ1957 በምዕራብ ጀርመን ለገበያ የቀረበው ታሊዶማይድ የተባለ መድኃኒት፣ ነፍሰ ጡሮች ወስደውት በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናትን እጅና እግር አጉድሎ በ1961 ከገበያ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የመጣው ጥንቃቄ ተገቢ ነበር፤ ሆኖም መጠኑን አለፈ። በ1977 የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) መውለድ የሚችሉ ሴቶች በመጀመሪያዎቹ የመድኃኒት ሙከራ ደረጃዎች እንዳይገቡ መመሪያ አወጣ፤ መመሪያው የተሻረው በ1993 ነው። ኢንተርፌሮን ቤታ ለኤም ኤስ የተፈቀደውም በዚያው ዓመት ነው። ለነፍሰ ጡር ይሆን እንደሆነ የታወቀው ግን በሙከራ አይደለም፤ መድኃኒቱን እየወሰዱ ያረገዙ ሴቶች ታሪክ በየመዝገቡ ተለቅሞ ነው። ከ1,000 በላይ እርግዝናዎች ታይተው የከባድ አፈጣጠር ጉድለት ጭማሪ አልተገኘም፤ የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ «ካስፈለገ በእርግዝና ሊወሰድ ይችላል» ያለው በ2019 ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ለአንዲት ሴት አብዛኛው የመውለጃ ዕድሜዋ ነው።

ሁሉም የኤም ኤስ መድኃኒት ግን እንዲህ አይደለም። በእንስሳት ጽንስ ላይ ጉዳት ያሳየው ቴሪፍሉኖማይድ ከቆመ በኋላም እስከ ሁለት ዓመት በደም ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ማርገዝ የፈለገች ሴት ኮሌስታይራሚን የተባለውን ዱቄት በውሃ በጥብጣ፣ 8 ግራም በቀን ሦስቴ፣ ለ11 ቀን ትጠጣለች፤ መድኃኒቱ ከደሟ መጽዳቱም በምርመራ ይረጋገጣል። ፊንጎሊሞድ ከማርገዝ ሁለት ወር በፊት መቆም አለበት። በድንገት ሲቆም ግን በሽታው በርትቶ ሊመለስ ስለሚችል፣ በምን እንደሚተካ ከሐኪም ጋር አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል፤ በራስ ውሳኔ ማቋረጥ አደገኛ ነው። ናታሊዙማብም ሲቆም እንዲሁ ያሰጋል። ስለዚህ በሽታቸው ለከበደባቸው ሴቶች አንዳንድ ሐኪሞች መርፌውን እያራራቁ እስከ እርግዝናው የመጨረሻ ወራት መግቢያ ይቀጥሉታል፤ መድኃኒቱ በእንግዴ ልጁ በኩል ስለሚያልፍም ሕፃኑ እንደተወለደ ደሙ ይመረመራል።