ካፍ የወጣ ሲመለስ

«ካፍ የወጣ አፋፍ» ይላል ያገራችን ሰው። የተናገሩት አይመለስም ማለቱ ነው። በኤሌክትሮኒክስ ታሪክ ውስጥ ግን ካፍ የወጣውን መልሶ ወደ አፍ በማስገባት የዓለምን ድምፅ ያጠራ ሰው አለ። ይህ ጽሑፍ የሱን ነገር ያወሳል፤ ጎንደርንም ይነካል። የታሪክና የቋንቋ ተማሪ በአምፕሊፋየር ምን አገባው የሚል ጓደኛ ቢኖር እስከ መጨረሻው ይታገሠኝ።

የችግሩ ሁሉ ምንጭ ርቀት ነው። በጎንደር ነገሥታት ዘመን አዋጅ ነጋሪት እየተጎሰመ ይነገር ነበር። የሰማው ላልሰማው፣ ያም ለሌላው እያቀበለ ቃሉ ወደ ስሜን ደጋ ይወጣል። እያንዳንዱ አቀባይ ታዲያ ከራሱ ጥቂት ሳያክልበት አይቀርም። አንዱ ሲያቀብል ያጣመመው ትንሽ ነው፤ ሃያው ሲደራረብ ግን አዋጁ ሌላ አዋጅ ሆኖ ቁጭ ይላል።

ስልክም የገጠመው ይኸው ነው። አገራችን ስልክን ያወቀችው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ የተዘረጋው የአዲስ አበባና የሐረር መስመር 477 ኪሎ ሜትር ነበር። ድምፅ በሽቦ ላይ በተጓዘ ቁጥር ይደክማል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1915 ኒውዮርክን ከሳንፍራንሲስኮ በስልክ ሲያገናኙ፣ የደከመውን ድምፅ በየመንገዱ የሚያበረቱ የመስታወት ቫልቮች ተክለው ነው። የቫልቩ መሠረት ሊ ደ ፎረስት እ.ኤ.አ. በ1906 የሠራው ኦዲዮን ነው።

ቫልቭ ግን ጠማማ አቀባይ ነው። ትንሹን ድምፅ አሥር እጥፍ ካደረገ ትልቁን ዘጠኝ ተኩል እጥፍ ያደርገዋል እንበል። በዚህ ጊዜ የድምፁ ቅርጽ ይዛባል፤ ተናጋሪው ያላወጣቸው አዳዲስ ድምፆችም ይወለዳሉ። አንድ መስመር ላይ ብዙ አምፕሊፋየር ሲደረደር፣ ብዙ ንግግርም በአንድ ሽቦ ሲላክ፣ የአንዱ ወሬ በሌላው ላይ ይደበላለቃል።

ሃሮልድ ብላክ የሚባል ወጣት መሐንዲስ ይህን ጉዳይ ያዘ። ሌሎቹ ቀና ቫልቭ ለመሥራት ሲጣጣሩ እሱ ጥያቄውን ገለበጠው፦ ቫልቩ እንደ ጠመመ ይኑር፤ ጥመቱን ከውጤቱ ላይ ማውጣት አይቻልም ወይ? እ.ኤ.አ. በ1923 አንድ ዘዴ አገኘ። የወጣውን ድምፅ በገባው ልክ አሳንሶ ከገባው ጋር ያስተያያል፤ የሚተርፈው ልዩነት ጥመቱ ብቻ ነው። እሱን በሌላ አምፕሊፋየር አጉልቶ ከውጤቱ ይቀንሰዋል። ነገሩ ሠራ፤ ሚዛኑ ግን ቶሎ ቶሎ ስለሚናጋ በየሰዓቱ ሰው ቆሞ ማስተካከል ነበረበት። በሺህ ኪሎ ሜትር መስመር ላይ ይህን ማን ቆሞ ይጠብቃል!

ሐምሌ 26 ቀን 1919 ዓ.ም. ደረሰ፤ በፈረንጅ ኦገስት 2 ቀን 1927 መሆኑ ነው። እኛ ዘንድ ንግሥት ዘውዲቱ በዙፋን ላይ ናቸው፤ በጌምድርን ራስ ጉግሣ ወሌ ይገዛሉ። ያኔ በቤል ቤተ ሙከራ የሚሠራው ብላክ 29 ዓመቱ ነው። ወደ ሥራው ሲሄድ የሃድሰንን ወንዝ በጀልባ እየተሻገረ ሳለ መልሱ መጣለት፤ በያዘው የኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ገጽ ላይ ንድፉንና ስሌቱን ጫረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሚወጣው ድምፅ ጥቂቱን ወስደህ ወደ መግቢያው መልስ፤ ከሚገባውም ላይ ቀንሰው። አምፕሊፋየሩ የገዛ ድምፁን እየሰማ ራሱን ያርማል። ለምሳሌ ድምፅን 10,000 ጊዜ የሚያጎላ አምፕሊፋየር ቢኖርና ከሚያወጣው መቶኛውን እጅ ብንመልስበት፣ የሚያጎላው 99 ጊዜ ብቻ ይሆናል፤ የራሱ ጥመት ግን ወደ መቶኛ እጅ ይወርዳል። ጥራቱ የተገዛው በጉልበት ነው ማለት ነው። ሌሎች መሐንዲሶች ትንሽ ጉልበት ለመጨመር ሲለፉ ብላክ መቶ እጁን አውጥቶ ጣለ፤ እብደት የመሰለውም ለዚህ ነው።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር 29 ቀን በተደረገው ሙከራ የመዛባቱ ኃይል ወደ መቶ ሺህኛ እጅ ወረደ። ሆኖም የአሜሪካ መንግሥት ፓተንቱን የሰጠው ከዘጠኝ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1937 ማብቂያ ነው። የእንግሊዝ ፓተንት መሥሪያ ቤትማ ያለ ነዳጅ ዘላለም እሽከረከራለሁ እንደሚል ሞተር ቆጥሮት ነበር!

አንድ አደጋ አለ። የተመለሰው ድምፅ ከዘገየ፣ ሊቀንስ የመጣው ይጨምራል፤ መሣሪያውም ራሱን በራሱ እያባባሰ ይጮሃል። ማይክሮፎን ከስፒከሩ ፊት ሲቆም የምንሰማው ፉጨት የዚሁ ዘመድ ነው። ሃሪ ናይኲስት እ.ኤ.አ. በ1932 እርማት መቼ እንደሚያቀናና መቼ እንደሚያስጮህ የሚለይበትን ሕግ አወጣ። በጊዜው ያልደረሰ እርማት ጥፋቱን ያባብሳል፤ ይህ ለሽቦ ብቻ የተነገረ አይመስለኝም።

ለመሆኑ አሳቡ ለጎንደር ሰው እንግዳ ነውን? ሊቃውንቱ ኤሌክትሮኒክስ ያውቁ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ያን የመሰለ ጉራ ለማንም አይረባም። ግን እነሱም ረጅም መስመር ነበራቸው፤ መስመሩ በዘመን ላይ የተዘረጋ ነው። ዜማ ከመምህር ወደ ተማሪ፣ ከዚያም ወደ ተማሪው ተማሪ ሲተላለፍ እያንዳንዱ ጉሮሮ የራሱን ይጨምራል። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለድጓ ምልክት ሠሩለት ይባላል። ምልክቱ ብቻውን አልበቃም። ተማሪው የተቀበለውን መልሶ ለመምህሩ ያሰማል፤ መምህሩ እዚያው ያርሙታል። ኋላም ለድጓ ጋይንት ቤተልሔም፣ ለአቋቋም ጎንደር በዓታ ሄዶ ያስመሰክራል። የወጣው ወደ ምንጩ ተመልሶ ይመዘናል። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥል ብዙ መጽሐፍ ጠፋ፤ አቋቋሙ ግን በታረመ ሰው ውስጥ ስለነበረ ተረፈ።

ይህ ታሪክ ዛሬም ይመለከተናል። በሠርግ ድንኳን የአዝማሪው መሲንቆ በስፒከር ሲሰነጠቅ «ዕቃው ርካሽ ነው» እንላለን። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዕቃው አይደለም፤ ቁልፉን እስከ ጥግ ያዞረው ሰው ነው። አምፕሊፋየር ከሚያገኘው ኤሌክትሪክ በላይ ድምፅ ሲጠየቅ የማዕበሉን ጫፍ ይቆርጠዋል፤ እዚህ ላይ የብላክ ዘዴ እንኳ አያድንም፤ የተቆረጠ ጫፍ ከየት ይመጣል? መድኃኒቱ ቁልፉን መለስ ማድረግ ነው።

በገና ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ከአሥሩ አውታሮች ሥር የሚገቡት ትንንሽ ቆዳዎች፣ እንዝራ የሚባሉት፣ ድምፁ እንዲነዝር ሆን ተብለው የተደረጉ ናቸው። በገናን የማያውቅ ባለሙያ ያንን ነዘር ጉድለት ነው ብሎ ሊያጠፋው ይችላል። መዛባት ማለት ምንጩ ላይ ያልነበረ ነገር ነው፤ ምንጩን ያልሰማ ሰው የቱ መዛባት፣ የቱ ዜማ እንደሆነ በምን ይለያል?

እንግዲህ ስልክና መቅጃ በየእጃችን ባለበት በዚህ ዘመን፣ የደጋ አዝማሪንና የበገና ደርዳሪን ድምፅ ቀድተን ለሚመጣው ትውልድ ማቀበል የኛ ፋንታ ነው። እኛም በመስመሩ ላይ የተተከልን አቀባዮች ነን። የቀዳነውን ይዘን ከመሮጣችን በፊት እዚያው መልሰን ለባለቤቱ እናሰማው፤ «ይህ ድምፄ ነው» ወይም «አይደለም» ይበለን። ለዚህ የሚጠፋው ጊዜ ብላክ እንደ ጣለው ጉልበት ነው፤ ጥራት የሚገዛው በሱ ነው።